አራት ገጽ ቀርቶኝ

የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ባስተማርኩባቸው ሃያ ስድስት ዓመታት የመጽሐፉን የመጨረሻ ምዕራፍ ሳልጨርስ ትምህርት የተዘጋብኝ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ ጥፋቱ የእኔ አልነበረም። ይህን የምለው ልመጻደቅ ብዬ አይደለም። ምን ዓይነት ሰው እንደሆንኩ አስቀድሞ ቢታወቅ የሠራሁት ሥራ ባይቀልም ይገባ ይሆናል ብዬ ነው። የተጀመረ ነገር ሳያልቅ ሲቀር ያሳክከኛል። ባለቤቴ «አንተ ጀነት ብትገባ እንኳ ስንት ክፍል ቀረ ብለህ መጠየቅህ አይቀርም» ትለኛለች።

እንዲህ ያለው ሰው ነኝ እንግዲህ ዘጠና ስድስት ገጽ ብቻ ያላትን ኪታብ ለመቅራት ዘጠኝ ዓመት የተመላለስኩት።

መቅራት ስል ማንበብ ማለቴ አይደለም። ማንበቡንማ በሁለት ቅዳሜ ጨርሼዋለሁ፤ ዐረብኛው ይገባኛል። በእኛ ዘንድ ኪታብ የሚቀራው ሼኹ ፊት ጉልበት ለጉልበት ተቀምጦ ነው። ደረሳው አንድ መስመር ጮክ ብሎ ያነባል፤ ሼኹ ያርሙታል፣ ይተረጉሙለታል፣ ከራሳቸው ሼኽ አፍ የሰሙትን ይጨምሩለታል፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው መስመር ይታለፋል። የመጨረሻዋ መስመር ላይ ሲደረስ ሼኹ የደረሳውን እጅ ይይዙና ኢጃዛ ይሰጡታል፤ ያችን ኪታብ ለሌላ ሰው እንዲያቀራ ፈቀዱለት ማለት ነው። ያለ ኢጃዛ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር በቃልህ ብትይዘውም ያንተ አይደለም። ከሼኽ ወደ ሼኽ ሲወርድ የመጣ ሰንሰለት ነው። አባቴ ይችኑ ኪታብ እኔን የሚያቀሩኝ ሼኽ ዘንድ ጀምረው እኩሌታው ላይ ሳሉ ነው የሞቱት። እኔ ጨርሼ ኢጃዛውን ብቀበል የእሳቸውንም ድርሻ የጨረስኩላቸው ይመስለኝ ነበር። ሌላ ምኞት አልነበረኝም፤ ይችን ብቻ።

የሼኹ ቤት ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው፤ አስፋልቱ አልቆ፣ ኮብልስቶኑም አልቆ፣ እግር ብቻ የሚወጣው ዳገት ላይ። ከአያት ኮንዶሚኒየም በጠዋት ተነስቼ እስከ መገናኛ በባቡር፣ ከዚያ በሁለት ታክሲ፣ የቀረውን በእግሬ እያለከለክሁ እደርሳለሁ። የምንቀራበትን ቤት ዛዊያ ስንለው ትልቅ ነገር እንዳይመስል። ከሼኹ መኖሪያ ጋር ግድግዳ የሚጋራ አንድ ሰፊ የጭቃ ክፍል ነው፤ ወለሉ ምንጣፍ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ በመስኮቱ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ይታያል። ሐሙስ ሐሙስ መንዙማ ይባልበታል፣ ቅዳሜ ጠዋት ቂርአት ይቀራበታል። አብዛኛው ጎረቤት ክርስቲያን ነው፤ ግን በሰፈሩ ሼኹን የማያውቅ የለም፤ የእኔም መከራ የመጣው ከዚሁ ነው።

ሼኹ አንድ ደንብ ነበራቸው። በቂርአት መሐል እንግዳ ከመጣ ኪታቡ ይከደናል፤ ለዚያ ቀንም ተመልሶ አይከፈትም። «የዛሬው ደርስ እንግዳው ነው» ይላሉ። ደርስ ትምህርት ማለት ነው። አዲስ የመጡ ደረሶች ይህን ሲሰሙ ሱብሃነላህ ብለው ዓይናቸው እንባ ያቀራል። እኔም በመጀመሪያው ዓመት አቅርሬ ነበር። በአራተኛው ዓመት ግን ጥርሴን መንከስ ጀመርኩ።

ምክንያቱም እንግዳ የማይባል ፍጡር አልነበረም። ከታች ሰፈር ጡረታ የወጡ አንድ ቄስ ከዘራቸውን እየተደገፉ ይመጣሉ፤ ከሼኹ ጋር የጉልበት ሕመም የሚያወዳድሩበት ቀን ቅዳሜ ነው። የማን ጉልበት እንደሚብስ ሁለት ሰዓት ሙሉ ይከራከራሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ እኔ ኪታቤን ታቅፌ እሰማለሁ። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናት ሸክማቸውን ከአጥሩ ሥር አውርደው ውሃ ቢለምኑ፣ ሼኹ በድምፃቸው ለይተው ያስገቧቸዋል፤ የልጆቻቸውን ጤና ከበኩሩ እስከ መጨረሻዋ በተራ ይጠይቃሉ። አንድ ቀን የውሃ ቆጣሪ የሚያነብ ሠራተኛ መጣ። «አይ ቸኩያለሁ አባት» ቢል ማን ሰምቶት! ሻይ ቀርቦለት፣ ዱዓ ተደርጎለት፣ የትውልድ አገሩ ተጠይቆ ተሸኘ። ቆጣሪ አንባቢው አንብቦ ሄደ፣ እኔ ሳላነብ ዳገቱን ወረድኩ። ያን ዕለት ባቡር ውስጥ ብቻዬን ስነጫነጭ አጠገቤ የነበረችው ሴት ቦታ ቀየረች።

የሆነው ሆኖ እንዲህ እየተቆራረጠ ዘጠና ሁለተኛው ገጽ ላይ ደረስኩ። አራት ገጽ ቀረኝ። በሁለት ቅዳሜ፣ ሲበዛ በሦስት ያልቃል ብዬ ለባለቤቴ ነገርኳት፤ የድግሱንም ዝግጅት ጀመረች። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ከሁለት ወር አለፈ።

እንዴት እንደሆነ አይገባኝም ነበር። እንግዳ ሲመጣ ይከደናል፤ እሱስ ደንብ ነው። እንግዳ ባልመጣባቸው ቅዳሜዎችም ግን ሼኹ «እስቲ ሰባኛዋን ገጽ ከልስልኝ» ይላሉ። ወይም ዛሬ ደከመኝ ይላሉ። ወይም ከእኔ ቀድሞ የተቀመጠውን ደረሳ እስከ ቀትሩ ሶላት፣ እስከ ዙህር፣ ያስነብቡትና አዛን ይላል። ወንድ አማቼ የሰንሰለቱን ነገር ጨርሶ የማይቀበል ሰው ነው፤ «ዩቲዩብ ላይ እኮ በአንድ ሰዓት ታዳምጠዋለህ» ብሎ ሳቀብኝ። ቆሽቴ አረረ፤ ያረረው ደግሞ እሱ ላይ ብቻ አልነበረም።

ያስፈራኝ የሼኹ ነገር ነው። ሰማንያን ካለፉ ቆይተዋል። ዓይናቸው ላይ ሞራ ወጥቷል። አንዳንዴ በአባቴ ስም ይጠሩኝ ጀመር። ሰግጄ ስጨርስ ለራሴ የማደርገው ዱዓ ምን እንደነበረ ልንገር፤ «ያ ረብ፣ እኔ ሳልጨርስ እንዳትወስዳቸው» ነበር። ዕድሜያቸውን የምለምነው ለእሳቸው አልነበረም፤ ለአራት ገጽ ነው።

ያ ቅዳሜ ብርዳማ ነበር። አብዛኞቹ ደረሶች የአንዱ ጓደኛቸው ሰርግ ሄደዋል። ስደርስ ሼኹ ብቻቸውን ከምንጣፉ ላይ ተቀምጠው፣ ንጹሕ ጀለቢያ ለብሰው፣ ከሌላው ቀን ይልቅ ነቃ ብለው አገኘኋቸው። «ኪታብህን ይዘሃል?» አሉኝ። ሳልይዝ ቀርቼ አላውቅም። «በል ውዱዕ አድርገህ ና» አሉኝ። ሮጬ ወጣሁ። ከግቢው ቧንቧ እጄን እየታጠብኩ ሳለ የቆርቆሮው በር ተንኳኳ።

ከፈትኩ። አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ አቧራ የለበሱ፣ በአንድ እጃቸው ዱላ፣ በሌላው በነጠላ የተቋጠረ ነገር። ዳገቱ ትንፋሻቸውን ስለወሰደው ሰላምታውን በሁለት ጊዜ ነው የጨረሱት። «ሼኹ አሉ?» አሉኝ።

አስቤበት አይደለም። ወይም ደግሞ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሙሉ ሳስብበት ኖሬ ይሆናል። ዓይኔን በጨው አጥቤ «አሟቸዋል፣ ሰው አይቀበሉም» አልኩ።

ደነገጡ። «ውይ! ታዲያ የታመመ ይጠየቅ የለም እንዴ? ለደቂቃ ብቻ እግራቸው ሥር ልቀመጥ።»

«ሐኪም ነው የከለከለው» አልኩ። ውሸት ሲጀመር ያስቸግራል እንጂ ሲቀጥል እንዴት ይቀላል!

ሽማግሌው ሐኪም ሲባል አመኑ። ዱላቸውን ከአጥሩ ጋር አስደገፉና ሁለት እጃቸውን ዘርግተው እዚያው በር ላይ ለሼኹ ዱዓ አደረጉ፤ ረጅም ዱዓ። እኔ አንዴ ወደ ኋላዬ አንዴ ወደ እሳቸው እያየሁ አሚን አልኩ። ሲጨርሱ «አንተንም አላህ ይስጥህ፣ እንዲህ የሚጠብቃቸው ሰው ማግኘታቸው መታደል ነው። መምጣቴን ንገርልኝ» አሉ። እሺ አልኩ። ማን ልበል ብዬ ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኳቸውም። ዳገቱን ሲወርዱ ድንጋዩን በዱላቸው እየፈተሹ ነበር። በሩን ቀርቅሬ ገባሁ።

ሼኹ ፊት ተቀምጬ ዘጠና ሦስተኛውን ገጽ ገለጥኩ። ከልካይ የለም። አነበብኩ። ሼኹ አልተረጎሙም። አንገታቸውን ወደ በሩ አዘንብለው ቆዩ። ቀጥል ማለታቸው መሰለኝና ቀጠልኩ። ዘጠና አራት። ዘጠና አምስት። አንድም ቦታ አላረሙኝም፤ እኔ ደግሞ እንከን ስለሌለብኝ ነው ብዬ ኩራት ያዘኝ። የመጨረሻዋን መስመር ጨርሼ፣ የሐምድ ምስጋናዬን አድርሼ፣ ቀኝ እጄን ዘረጋሁ።

እጄ አየር ላይ ቀረ።

«ዛሬ እንግዳ አልመጣም?» አሉ ሼኹ።

«አልመጣም» አልኩ።

«እንግዲያው ለሳምንት ይቆየን» ብለው ምንጣፉን ተደግፈው ተነሱ።

በዚያ ሳምንት የነበረኝን ንዴት አላህ አያሳያችሁ። ክፍል ውስጥ ልጆቹን ያለ ጥፋታቸው ተቆጣሁ። የቀመር ጥያቄ የጠየቀችኝን ጎበዝ ተማሪ «መጽሐፉ ላይ አለ» ብዬ አሳፈርኳት። ማታ ለባለቤቴ «ጨርሼ አነበብኩላቸው እኮ! እጄን አልያዙም! ሸምግለዋል፣ አእምሯቸው ሄዷል» እያልኩ ክፍሉን ዞርኩት። «በሩ ላይ የመጣ ሰው አልነበረም ወይ?» ብላ አልጠየቀችኝም፤ ብትጠይቀኝ ለእሷም እዋሽ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ኪታቤን ገና ሳልከፍት የሼኹ ልጅ ስልክ ይዛ ገባች። ሴት ልጃቸው ናት የምታስታምማቸው። ጆሯቸው እየከበደ ስለመጣ ድምፁን ከፍታ ፊታቸው ያዘችው። የመጣውን ድምፅ ከመጀመሪያው ቃል ለየሁት።

«አፊያ ሆኑ ወይ? ሐኪሙ ለቀቀዎት?»

«የምን ሐኪም?» አሉ ሼኹ።

«ኋላ አንቱን ሳላይ መመለሴ እንዴት አንገበገበኝ መሰለዎ! በሩ ላይ የቆመው ደረሳ ግን፣ አላህ ይስጠው፣ በስንት አክብሮት ነገረኝ። አዳሬ ኮልፌ ዘመድ ጋ ሆነ፤ ሲነጋ መኪናው ወጣ፤ ቅር እንዳይልዎ።»

ሼኹ ሞራ ያጠላበትን ዓይናቸውን ወደ እኔ አዞሩ። ክፍሉ ውስጥ ስድስት ደረሶች ነበርን። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ደህና ነኝ» አሉ ሼኹ ለስልኩ። «አብሽር። በዱዓዎ ተሽሎኛል።»

ወሬውን ወደ አገር ቤት አዞሩት። ስለ ዝናብ፣ ስለ ማሽላው፣ ስለ ሞቱና ስለ ቀሩ ሰዎች ተጠያየቁ። ስልኩ ሲዘጋ ደረሶቹን በሙሉ ወደ ግቢው አስወጡና እኔን ብቻ አስቀሩኝ። ስድብ ጠበቅኩ። ተነስተህ ውጣ ይሉኛል ብዬም ጠበቅኩ።

«እነዚያን አራት ገጾች እኔም አልቀራኋቸውም» አሉኝ።

አልገባኝም። ደግመው ነገሩኝ። ወጣት ደረሳ ሳሉ፣ ወሎ፣ ዘጠና ሁለተኛው ገጽ ላይ ሲደርሱ ሼኻቸው ሞቱባቸው። አብሯቸው ይቀራ የነበረው ጓደኛቸው ግን በአንድ ወር ቀድሟቸው ጨርሶ ኢጃዛውን ወስዶ ነበር። ጓደኛቸው ቁጭ ብለህ ከእኔ ጨርስ ቢላቸው፣ ከእኩያዬ አልቀራም ብለው በልጅነት እልህ አዲስ አበባ ገቡ። እዚህ ደረሳ ሲበዛላቸው ኪታቧን ያቀሩ ጀመር፤ እዚያ ገጽ ላይ የደረሰውን ሁሉ «ወሎ ሂድና ሼኾቹን ዘይር» ብለው ይልኩታል፤ ጓደኛቸው ዝም ብሎ ይጨርስለታል። መንገዱ አላስተማምን ካለ ወዲህ ግን መላክ ቀረ።

«እንግዳ ሲመጣልኝ ደስ ይለኝ ነበር» አሉ። «ደንቡስ የሼኼ ደንብ ነው፤ እውነት ነው። ኋላ ኋላ ግን ተደበቅኩበት። አንተ ስትቻኮል ሳይ ግን ጨነቀኝና ለዚያ ጓደኛዬ መልእክት ላክሁበት። መንገዱ ለጥቂት ቀን ሲከፈት ለአንተ ብሎ መጣ።»

በዚያች ሰዓት የተሰማኝ ጸጸት ነው ብል ያምርብኝ ነበር። የተሰማኝ ግን ንዴት ነው። የራሴ ውሸት ገና ከአፌ ሳይደርቅ እሳቸው ላይ ነደድኩ።

«ለምን አልነገሩኝም? አንድ ዓመት ከሁለት ወር! ሰው እጠብቃለሁ ቢሉኝ ምን ነበረበት?»

«አፈርኩ» አሉ።

ከሰማንያ ዓመት በላይ የኖሩ ሰው፣ ሰፈሩ ሁሉ እጃቸውን የሚስማቸው፣ ምንጣፉ ላይ አቀርቅረው አፈርኩ አሉኝ። እኔም አውፍ፣ ይቅር በሉኝ አልኩ፤ ድምፄ ግን ገና የተቆጣ ሰው ድምፅ ነበር።

ለመጠገን ያልሞከርኩት የለም። በቪዲዮ ያቅሩኝ ብዬ ሽማግሌው ዘንድ አስደወልኩ። «ልጄ፣ እጅ በስልክ አይጨበጥም» አሉኝ፤ ምንም ቅሬታ በድምፃቸው ውስጥ አልነበረም። ያ ደረሳ እኔ መሆኔን ነገርኳቸው። «ዱዓዬ ታዲያ ለጤነኛ ሰው ሆነ፤ አይጎዳም» ብለው ሳቁ። ወሎ ልሂድ ብዬ ተነሳሁ፤ መኪናው የለም፣ ነገ ይኖራል፣ ከነገ ወዲያ ይኖራል ተባልኩ፤ ከዚያ መንገዱ ተዘጋ፣ እንደተዘጋም ነው። ሽማግሌውም ጉልበታቸው ያን ጉዞ ዳግም እንደማይችለው ነገሩኝ።

ሼኹ አልቀጡኝም። አንድ ነገር ብቻ አሉ፤ «ከዛሬ ጀምሮ ቅዳሜ በሩ ያንተ ነው።» ስለዚህ ሌላው ሲቀራ እኔ ከበሩ አጠገብ በርጩማ ላይ እቀመጣለሁ። ቄሱን ደግፌ አስገባለሁ። የእንጨት ተሸካሚዋን እናት ሸክም አወርዳለሁ። ደስ እያለኝ የምሠራው እንዳይመስላችሁ። ሰው ሲያንኳኳ አንዳንዴ ያው የድሮው ንዴት ይመጣብኛል፤ ከፍቼ ግን «ይግቡ» እላለሁ።

አሁን ወደ ባለፈው ወር ልምጣ። ከደረሶቹ መሐል ኮተቤ መድኃኒት ቤት የምትሠራ አንዲት ወጣት አለች። ሥራዋ በፈረቃ ስለሆነ ስንት ቅዳሜ ከአዳር ወጥታ እንቅልፍ ሳይነካት ዳገቱን ስትወጣ አይቻታለሁ። ጎበዝ ናት፤ እኔ በዘጠኝ ዓመት የደረስኩበት በአምስት ደረሰች። ባለፈው ወር ዘጠና ሁለተኛውን ገጽ ጨረሰች። ሼኹ አሁን አይደበቁም። ከበሩ ሆኜ ሰማኋቸው፦ «ከዚህ በላይ ያለውን እኔም አልቀራሁትም፤ ያለው ሰው ወሎ ነው፤ መንገድ የለም። አንድ ጊዜ እዚህ ድረስ መጥቶ ነበር፣ ሳንገናኝ ቀረን።» ለምን እንዳልተገናኙ አልነገሯትም።

ወጣች። ጫማዋን መሬት ላይ ወርውራ እግሯን ከተተችበት። ንዴቱን ለየሁት፤ ሃያ ስድስት ዓመት የተማሪ ፊት ያየሁ ሰው ነኝ፣ የራሴንም ፊት አውቀዋለሁ።

«ሲሪየስሊ ቲቸር፣ አምስት ዓመት!» አለችኝ። «ከአዳር ወጥቼ እየመጣሁ! ሰውዬው እዚህ ድረስ መጥተው እንዴት ሳይገናኙ ይቀራሉ? ማን ነው እንደዚህ የሚያደርገው?»

ሼኹ ሸፍነውኛል። ዝም ብል ያልፍ ነበር።

«እኔ ነኝ» አልኳት። «እዚህ በር ላይ መጡ። አራት ገጽ ቀርቶኝ ስለነበር ሼኹ ታመዋል ብዬ መለስኳቸው።»

አየችኝ። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። «እኔም እኮ ስንት ቀን አስቤዋለሁ» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «በሩን ስንት ቀን ልዘጋው አስቤ አውቃለሁ። ግን አልዘጋሁትም።»

የጫማዋን ክር ሳታስር ወረደች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ በሩን ገርበብ ሳይሆን ወለል አድርጌ ከፍቼ ጠበቅኳት። ቄሱ መጡ። የእንጨት ተሸካሚዋ እናት መጡ። እሷ አልመጣችም።